ለቡልጋሪያ የተገዛ ቀሚስ

«ሻሹን አውልቂና ይኼን ልበሺ» አለ የወረዳው ካድሬ ጓድ መልአኩ፣ የመስቀል ጥለት ያለውን ነጭ ቀሚስ በሰዒዳ ፊት ዘርግቶ። የደብረ ታቦሩ አውቶቡስ ከእስቴዋ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ሊነሳ ሞተሩ ያጓራል።

ሰዒዳ ዩኒቨርሲቲ ንግድ ትማራለች። አንድ ወር ቡልጋሪያ ተቀምጠው ንግድና ባህል እንዲያጠኑ ከተመረጡት ተማሪዎች አንዷ ናት፤ እዚያ ሁሉም ያገሩን ባህል ያሳያል። ወላጆቿን ልትሰናበት ብትመጣ መልአኩ ቀሚስ ገዝቶ ጠበቃት።

«አልለብሰውም። በራሴ ልብስ እሄዳለሁ።»

«የእስቴ ባህል ይኼ ነው! ስለ ሃይማኖት አልወጣኝም። ለመሆኑ እናንተ እስላሞቹ እዚህ አገር ምን ባህል አላችሁ? ካልለበስሽ አትሳፈሪም።»

ሊሸኛት የመጣው አባቷ፣ ሸማኔው ሷሊህ፣ መሬት መሬቱን ያያል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ያደገ ሰው ነው፤ ንጉሡ ቢወርዱም ተረቱ አልወረደለትም።

«ልጄ፣ ጨርቅ እኮ ነው። ልበሺውና ሂጂ» አላት በለሆሳስ።

ይኼ ከካድሬው ይልቅ አናደዳት። የቀሚሱን ጫፍ ጨበጠች።

«ጓድ መልአኩ፣ ይኼን ጥለት የሠራው ይኸው አባቴ ነው። የዚህን አገር የመስቀል ጥለት የሚሠሩት እስላም ሸማኔዎች መሆናቸውን አያውቁም?»

መልአኩ ሳቀ። «አንተ ነህ የሠራኸው?» አለው ሷሊህን።

«ኧረ... ሸማኔው ብዙ ነው፣ ጌታዬ።»

ሰዒዳ እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው። ሻንጣዋን አነሳች። «እንግዲያው እቀራለሁ! ቡልጋሪያም ትቅር!» ብላ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች።

«ቁሚ!»

የአባቷ ድምፅ ነበር። ሷሊህ ቀሚሱን ከካድሬው እጅ ተቀብሎ ጥለቱን በጣቱ ዳሰሰ።

«ዋሽቻለሁ፤ የኔ ሥራ ነው። ይኼን ስሠራ ክርስቲያን ሁን ያለኝ የለም። እኔም የለበሰችውን እስላም ሁኚ አላልኳትም። የኔም ልጅ በሻሿ ትሄዳለች፤ ባህል ካሉት እሷም የእስቴ ሰው ናት!»

ቀሚሱን አጥፎ በመልአኩ ክንድ ላይ አኖረለት። ሰዒዳን በአውቶቡሱ በር ገፋ አድርጎ አስገባትና ሻንጣዋን ተሸክሞ የጣራውን መሰላል ወጣ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ውረድ ብያለሁ!» ጮኸ መልአኩ።

ሷሊህ ጣራው ላይ ተንበርክኮ ሻንጣውን በገመድ ያስራል። አንዴ አጠበቀው፤ ደግሞ አጠበቀው።