ከክፍል በኋላ የምትቀረው ልጅ

መምህርቷ ጥያቄ ስትጽፍ ተማሪዎቹ በአራቱ ጎኖቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተጻፈበትን ካርዳቸውን የመረጡትን ፊደል ወደ ላይ አዙረው ያነሳሉ። ስልኳ የእያንዳንዱን ካርድ በካሜራው አንብቦ በትክክል የመለሰውን አረንጓዴ፣ የሳተውን ቀይ አድርጎ ያሳያታል። የሳተ ከክፍል በኋላ ቀርቶ ይማራል።

ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ በየቀኑ ትቀራለች። የግቢው በር ላይ የሚጠብቃት እንጀራ አባቷ ሲሰለቸው ጥሏት ይሄዳል፤ እሷም መሄዱን በመስኮት ሳታይ ደብተሯን አትሰበስብም።

መምህርቷ ያልሞከረችው መንገድ የለም፤ በጠጠር አስረዳቻት፣ በስዕል አስረዳቻት፣ ለመነቻት። ዛሬም የልጅቷ ካርድ ቀይ ሲሆንባት ጠመኔውን ወረወረችው።

«በቃ፣ አቃተኝ» አለች ለክፍሉ። «ከዛሬ ጀምሮ የሳተ ወደ ቤቱ ይሂድ። የሚቀረው የመለሰ ብቻ ነው፤ ለውድድር አዘጋጀዋለሁ።»

ከመጽሐፉ መጨረሻ ከባዱን ጥያቄ ጻፈች። ካርዶቹ ተነሱ። ስልኩ ክፍሉን በሙሉ ቀይ አደረገው፤ ከኋላ ከተቀመጠችው ልጅ በቀር።

ደወል ተደውሎም ካርዷን አላወረደችም።