ገርበብ ያለች በር

የጨዋታ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን፣ የሌላ ፕላኔት ከተማ ፍርስራሽ የሚያሳይ ትንሽ ሞዴል ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትቀባ የሰነበተችው ልጅ የሞዴሉን ግንብ ስታገላብጠው ክው አለች። ጠብ እርግፍ ብላ የዝገት ቀለም ያለበሰችው የኋላ ግድግዳ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል በር ተቆርጣለች።

"አባዬ! አንተ ነህ?"

ጡረታ የወጣው ግንበኛ አባቷ መቁረጫውን ከጀርባው ደበቀ። "በዕድሜዬ በር የሌለው ቤት ሠርቼ አላውቅማ።"

"የጦርነት ጨዋታ እኮ ነው! ወታደሮቹ በፈረሰው በኩል ነው የሚገቡት፤ በዚህ ማን ሊገባ ነው?" አለችና በሯን ልታጣብቅ ማስቲሹን አነሳች።

"መግባቱንስ ተዪው" አላት ቀስ ብሎ። "እዚያ የሚኖሩት ሰዎች በየት ይውጡ?"

ማስቲሹን አስቀምጣ ቀጭኗን ብሩሽ ብርማ ቀለም ውስጥ ነከረችና፣ በሯ ላይ ስንት ዓመት የሰው እጅ ያሻሸው የሚመስል እጀታ ሳለችባት። በሯንም ገርበብ እንዳለች ተወቻት።