የራሂማ ብርጭቆ

የሙሐሲን ድምፅ ተሰርቋል። ሌባውንም ያውቀዋል።

የተሰረቀው የዘፋኝ ድምፅ አይደለም። ሙሐሲን ዘፍኖ አያውቅም፤ የራፕ ቢት፣ ማጀቢያ ሙዚቃውን ነው የሚሠራው። ከካዛንቺስ ከወጡት ራፐሮች ግማሾቹ ማይክ የጨበጡት በእሱ ቢት ነው። በዚህ ሙያ ስም ያወጣ ሰው ሁሉ ፊርማ አለው፤ ዘፈኑ ሊጀምር ሲል ብልጭ ብላ የምትጠፋ ትንሽ ድምፅ። አንዱ ስሙን በሹክሹክታ ያስገባል፣ ሌላው የልጁን ሳቅ።

የሙሐሲን ፊርማ የሻይ ብርጭቆ ናት። እናቱ ራሂማ ካዛንቺስ ሻይ ቤት ነበራቸው። ሻይ ሲደርስ ብርጭቆውን በማንኪያ መታ ያደርጋሉ፤ ቲንንን። ሙሐሲን ያቺን ድምፅ በስልኩ ቀድቶ ዘፈን ላይ አስገባት፤ ከዚያ በኋላ ብርጭቆዋን የሰማ ሁሉ የማን ሥራ እንደሆነ ያውቃል። አሁን ሻይ ቤቱ ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል። ራሂማም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ከሁሉም የቀረችው የብርጭቆዋ ድምፅ ናት።

ፋይሉን ከእሱ ሌላ የሚያውቀው ጠልሐ ብቻ ነው። ጠልሐ ለዓመታት ረዳቱ ነበር። የሄደውም በማይረባ ሰበብ ነው፤ "ሙሐ፣ በአላህ ድምፁን ቀንሰው፣ ቤት ስገባ ራሴን ያመኛል" እያለ። ሙሐሲን ደግሞ ድምፅ የማይችል ሰው ቢት አይሠራም ባይ ነው። ጠልሐ ባምቢስ አካባቢ የራሱን ስቱዲዮ ሲከፍት ሰበቡ ለምን እንደነበር የገባው መሰለው።

የጠልሐ የመጀመሪያ ዘፈን የወጣ ቀን ሙሐሲን በሩን ዘግቶ ሄድፎኑን አደረገ። ፒያኖው ቀስ ብሎ ገባ። ከፒያኖው ኋላ፣ በጣም ቀጭን፣ ቲንንን። ከበሮው ሲመጣ ጠፋች።

"ብልጥ ነው" አለ ጥርሱን ነክሶ። "ከበሮ ሥር ቀበራት።"

በማግስቱ ወደ መስቀል አደባባይ ሲሄድ የሚኒባሱ ሾፌር ያንኑ ዘፈን ከፈተ። ሙሐሲን ጆሮውን ጣለ። ብርጭቆዋ የለችም! ሁለት ቅጂ ማውጣቱ ነው፣ አንድ ለታክሲ፣ አንድ ለሚያውቅ ሰው። ንዴቱ ባሰበት፤ ወራጅ እንኳን ሳይል መውረጃውን አልፎት ሄደ።

ማታ ሚስቱ ሲሃም በሩ ላይ ቆመች።

"ሦስቴ ጠራሁህ እኮ። ራቱ በረደ።"

"ነይ፣ ይህን ስሚ።" ሄድፎኑን ሰጣት። "ሰማሻት?"

"ማንን?"

"ብርጭቆዋን!"

"እኔ ፒያኖ ነው የምሰማው፣ ሙሐ።"

"ጠልሐን እንደ ወንድምሽ ስለምታዪው ነው" አለና ነጠቃት። ሲሃም ብቻዋን በላች።

ከዚያ ጠልሐ ጋ ደወለ።

"በማዘር ድምፅ እቀልዳለሁ እንዴ?" አለ ጠልሐ። "እሳቸው አይደሉ ምሳ እያበሉ ያኖሩኝ?"

"ምን ታጉረመርማለህ? ደፍረህ አውራ!"

"እየጮህኩ እኮ ነው ሙሐ፣ ምን ልሁንልህ?"

ሙሐሲን ጆሮው ላይ ዘጋበት። ሲነጋ ስልኩን ፊቱ ላይ ደግኖ ቲክቶክ ላይ ተናገረ። "ጠልሐ ሌባ ነው። የሟች እናቴን ድምፅ ሰርቋል።" አለቀሰም፤ ልቅሶው የውሸት አልነበረም።

ቪዲዮው ባንድ ጊዜ ተዳረሰ። ራፐሮቹ ለጠልሐ የሰጡትን ሥራ መልሰው ወሰዱ። አንዱ የወጣ ዘፈኑን አጠፋ። የስቱዲዮው በር ላይ ያልታወቀ ሰው በቀይ ቀለም "ሌባ" ብሎ ጻፈበት። ጠልሐ አልተሳደበም፤ አንድ መልእክት ብቻ ላከ። "ራሄል ጋ እንሂድ። እሷ ብርጭቆዋ አለች ካለች ስቱዲዮዬን ዘግቼ ከሙያው እወጣለሁ።"

ራሄል ደምበል አጠገብ ናት፤ ዘፈን ከመውጣቱ በፊት የመጨረሻውን ማጣሪያ የምትሠራው እሷ ናት። ጆሮዋን ሁለቱም ያምናሉ።

ክፍሏ ግድግዳው በሙሉ ስፖንጅ ነው። በሩ ሲዘጋ የመንገዱ ጡሩምባ ሁሉ ውጪ ቀረ። ጠልሐ ጥግ ይዞ ተቀምጧል፤ ከስቷል። ሙሐሲን ዓይኑን እንኳን አላሳረፈበትም።

"ጠዋት ደጋግሜ ሰማሁት" አለች ራሄል። "ምንም አላገኘሁም።"

"አንቺም?" ሙሐሲን ሳቀ፤ ሳቁ ደስ አይልም። "አገር ምድሩ ተባብሮብኛል ማለት ነው! እኔ እብድ ነኝ?"

"ማነው እብድ ያለህ? እሺ፣ በቃ፣ አንተ አሳየኝ። የት ጋ እንዳለች በጣትህ ንገረኝ።"

ከጠረጴዛው ላይ ትልቁን ሄድፎን አንስቶ ጆሮው ላይ ደፋ። ራሄል ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ ከሽቦዎቹ መሃል አንድ ነገር ትፈልጋለች።

"ከመጀመሪያው ክፈቺው" አላት ዓይኑን ጨፍኖ። "ከበሮው ሳይገባ ነው ያለችው።"

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጠልሐ መዳፎቹን ጉልበቱ መሃል ጨምቆ ይጠብቃል።

የሙሐሲን ጣት ቀስ ብሎ ተነሳ። ፊቱ በራ። ከንዴቱ ሁሉ በኋላ የልጅ ፊት መሰለ።

"ይቺው! ይቺውና የእማዬ ብርጭቆ! አሁንስ ሰማሻት?"

ራሄል ከጠረጴዛው ሥር ቀና አለች፤ ገና ያልተሰካው የሄድፎኑ ገመድ ጫፍ እጇ ላይ ነበር።