የአስዋንግ ልጅ

ደፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አክስቴ ፔርላ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች፤ ባትይዘኝም አልገባም ነበር፣ እውነቱን ልናገር።

እናቴ የቀርከሃው ወለል ላይ፣ ሰሌን ላይ ተኝታለች። እህል ከቀመሰች ሦስት ቀኗ ነው። መንደሩ ሁሉ አስዋንግ ናት ይላታል፤ ቀን ሰው፣ ሲመሽ ውሻ ሆና የእርጉዝ ጽንስ የምትበላ። የጎረቤታችን የማርሴላ ጽንስ በወረደ ሰሞን መስኮቷ ሥር ታይታለች ተባለ፣ በቃ፣ ስሙ ተለጥፎባት ቀረ። ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ከገበያ ስንመለስ አብሬያት እንዳልታይ ራቅ ብዬ ከኋላ መሄድ የለመድኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

የአስዋንግ ጉሮሮ ውስጥ ጥቁር ጫጩት አለች ይባላል። ሞቷ ሲቃረብ ጫጩቷን ልጇ አፍ ውስጥ ካልተፋቻት ነፍሷ አትወጣም፤ የተቀበለችው ልጅም በተራዋ አስዋንግ ትሆናለች። ያለኋት ልጅ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ፤ ያውም የሰባት ወር እርጉዝ።

«ለራስሽ ባታዝኚ ለሆድሽ እዘኚ» አለችኝ አክስቴ በጆሮዬ። «አፏ አጠገብ እንዳትደርሺ።»

«ሉሚንግ» አለች እናቴ። «እስቲ ጠጋ በይ የኔ ልጅ። አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«እዚሁ ሆኜ እሰማሻለሁ እማዬ» አልኳት።

ውሸቴን ነው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ አንዲት ቃል አልሰማሁም፤ ውጭ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ እየጎተቱ ይጯጯኻሉ። ጉሮሮዋ ደርቆ ይሆናል ብዬ የሩዝ ውሃውን ኩባያ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩና በመጥረጊያ እንጨት ወደ እሷ ገፋሁት። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ እኔ?

ኩባያውን አየችው። እንጨቱን አየችው። ከዚያ እኔን። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀስ ብላ ግራ እጇን አነሳችና አፏን በመዳፏ ግጥም አድርጋ ዘጋችው። በቀኝ እጇ፣ ነይ አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ልቤ የተሰበረው። የአክስቴን እጅ አስለቅቄ፣ ሆዴን ደግፌ ሮጥኩ። ስደርስ ቀኝ እጇ ሰሌኑ ላይ ወድቋል። ግራው ግን አፏ ላይ እንዳለ ነው። እሱን አነሳሁና ጆሮዬን ከንፈሯ ላይ ለጠፍኩ። ትንፋሽ የለም።

ከንፈሯ ገና ይሞቃል።