ኦርጅናሉ ፒንሳ

ፒንሳው ኃይለመለኮት እጅ ላይ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። አንዱ መንጋጋ ጭቃው ውስጥ ወደቀ፤ ሌላው ከነእጀታው እጁ ላይ ቀረ። ሚስቱ በዛብሽ ከታንከሩ የሚወርደውን የፈነዳ ቧንቧ በጨርቅ አፍና እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። ውሃው በጣቶቿ መሃል እየፈለቀ ቀሚሷን አበስብሶታል።

"ይሄም ሄደ!" አለ።

"ስንተኛህ ነው?"

የታንከሩ መዝጊያ እጀታው ከወለቀ ሰንብቷል፤ የቀረችውን አጭር ብረት በፒንሳ ነክሶ ካላዞሯት አይዘጋም። ታንከሩን ደግሞ ቦቴው የሞላው ዛሬ ጠዋት ነው፤ እስከ ሰኞ ተመልሶ አይመጣም። ዓርብ ስለሆነ በሰው አገር፣ ካቶር ሰፈር የከፈቷት ምግብ ቤታቸው በያይነቱ በሚበሉ ሰዎች ጢም ብላለች።

ጩኸቱን ሰምቶ ደንበኛቸው ከማሉዲን በቀኝ እጁ ሽሮ እንደነካው ወደ ጓሮ ወጣ። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሱቅ አለው፤ ዓርብ ዓርብ ግን ከጁምዓ መልስ ምሳው እዚህ ነው። የጾም ምግብ ስለሆነ ሥጋውን ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅበት ነገር የለም። ፒንሳውን የሸጠውም እሱ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሰበሩትንም እንዲሁ። ካቻቢቴ፣ ቢላ፣ መጋዝ፣ ጠርሙስ መክፈቻ ሁሉ ከሆዱ የሚወጣ፣ ሲያዩት የሚያጓጓ ርካሽ ዕቃ ነው።

"ምን አድርገኸው ነው?" አለ ስባሪውን አንስቶ።

"አዞርኩበት።"

"ይሄ እኮ ለቀላል ሥራ ነው! ሬዲዮ ፍታበት አልኩህ እንጂ ታንከር ዝጋበት አልኩህ?"

"ስትሸጥልኝ መኪና ይፈታል ብለኸኛል።"

"ሲሸጥ እንዲያ ይባላል፣ ኃይሌ። በዚህ ዋጋ እኮ የኦርጅናሉን ማኅደር እንኳ አትገዛም።"

ኦርጅናል የሚለው ቃል በዛብሽን ወጋት። የዛሬ ሁለት ዓመት ለገና ለባሏ ኦርጅናሉን ያስመጣችለት እሷ ናት፤ ለራሷ ጫማ ያስቀመጠችውን ብር አውጥታ፣ እነሱ ጋ የሚመገብ አንድ ኢንጂነር ለእረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ ለምና። ኃይለመለኮት ከፈተው፣ ዘጋው፣ አሸተተው፣ "ይሄማ ኦርጅናል ነው" አለና ወደ ካርቶኑ መለሰው። በዚያው አላየችውም። ለፋሲካ ቁም ሳጥኑን ስታጸዳ ካርቶኑን ባዶ አገኘችው። ሸጦታል አለች በሆዷ። አልጠየቀችውም፤ አዎ እንዳይላት ፈራች። ከዚያ ወዲህ ከኮንዮ ኮንዮ አዲስ ፒንሳ ይዞ በገባ ቁጥር ቅር እንዳላት ነው የኖረችው።

"ማማ፣ ሞያ ማፊ?" ብሎ በዓረብኛ ውሃ የለም ወይ ሲል አንድ ከቢሮ የመጣ ደንበኛ በሳሙና የተለወሰ እጁን ዘርግቶ በበሩ ብቅ አለ።

"ሞያማ እዚህ ሞልቷል! ታዓል፣ ና ታጠብ!" አለችው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ በጣቶቿ መሃል በሚፈልቀው ታጥቦ እየሳቀ ገባ። እሷ ግን አልሳቀችም።

"የኔን አምጣው" አለችው ባሏን።

"የትኛውን?"

"ለገና የሰጠሁህን። ወይ አምጣው፣ ወይ ሸጬዋለሁ በለኝና ይውጣልኝ።"

ኃይለመለኮት ክው አለ። "ሸጬዋለሁ?" ብሎ ወደ ከማሉዲን ዞረ። ከማሉዲን መሬት መሬቱን ያያል።

"ኸላስ፣ በቃ፣ ኃይሌ" አለ ከማሉዲን በመጨረሻ። "እኔ ከዚህ በላይ አልችልም።" ሽሮ ያልነካውን እጁን ጀለቢያው ሥር ሰደደና ከቀበቶው ላይ ጥቁር የቆዳ ማኅደር ፈታ። "በግራ እጄ ነው፣ በዙ፣ አፉ በይኝ።"

ማኅደሩ ውስጥ ያለው ፒንሳ የዛን ለት እንዳየችው ያብረቀርቃል።

"ሌባ ገብቶ ቴሌቪዥኑን የወሰደ ለት ይሄንን ሳያየው ሄደ" አለ ባሏ አንገቱን ደፍቶ። "በማግስቱ ከማል ጋ አስቀመጥኩት። ላንቺ ብነግርሽ ሥራበት ትይኛለሽ።"

"ታዲያ ለምን ገዛሁልህ?"

"ይጫራላ!"

"አማና ነው፣ አደራ ነው ብዬ ከወገቤ አልለየሁትም" አለ ከማሉዲን። "ወላሂ አንድ ጠርሙስ አልከፈትኩበትም። ደንበኛ ሲመጣ በልብሴ እሸፍነዋለሁ፤ ይሄንን ካየ ማን የኔን ይገዛል?"

ሳቋም እንባዋም እኩል መጣባት፤ ቧንቧውን ለቃ እንባዋን መጥረግ አልቻለችም። ስታዝንበት የከረመችው ሰውዬ ስጦታዋን እንደ ታቦት ሲያስጠብቅ ነበር።

"ዝጋ!" አለችው።

ኃይለመለኮት ፒንሳውን ተቀብሎ ከፈተ። ወደ ብረቷ አስጠጋው፣ መለሰው፣ በእጇ የያዘችውን ጨርቅ አየ። "ጫፉን ብቻ ልጠምጥምለት?"

"ኃይለመለኮት!"

ከንፈሩን ነክሶ ብረቷን በፒንሳው ነከሰና አዞረ። ሲጢጥ አለች። ውሃው ከጣቶቿ ሥር ቀጠነ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ። የፒንሳው ጥርስ ላይ አንዲት ነጭ ጭረት ወጥታለች፤ ሁለቱ ወንዶች ጎንበስ ብለው አዩዋት።

"ነገ ሌላ አመጣልሃለሁ፣ በነጻ" አለ ከማሉዲን ሊያጽናናው።

"እንዳታመጣበት!" አለች በዛብሽ። ባሏ ማኅደሩን ሲፈልግ አይታ ፒንሳውን ከእጁ ወሰደችና እርጥቡን ከሱሪው የኋላ ኪስ ከተተችው።

ልብሷን ሳትቀይር ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። በበሩ በኩል ባሏ ሳህን ተሸክሞ በጠረጴዛዎቹ መሃል ሲመላለስ ይታያታል። ባለፈ ቁጥር በባዶ እጁ የኋላ ኪሱን ይዳብሳል። ራቅ ብሎ ደግሞ ከማሉዲን ሽሮውን እየበላ ባዶ ወገቡን ይዳብሳል።