አሥራ ሦስተኛው ወር

ሙሉነሽ አሮጌውን ኮምፒውተር ልታጠፋው ጣቷን ማጥፊያው ላይ አሳርፋ፣ አዲሱ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ሕፃን እስኪመዘግብ ጠበቀች። ከሃያ ዓመት በፊት ፓስካል በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈችው የዲላው ክሊኒክ የልደት መዝገብ፣ ወጣቷ ትንቢት አዲስ በመጣው ቋንቋ፣ በራስት፣ በጻፈችው ሊተካ ነበር።

«ጳጉሜን ሦስት ነው የተወለደው» አለች ልጇን ልታስመዘግብ ከጭጩ መንደር የመጣችው እናት ሕፃኗን እንዳቀፈች። ትንቢት ቀኑን አስገባች፤ አዲሱ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ወር የለም ብሎ መለሰው። ደግማ ሞከረች፤ ያው ሆነ።

«እትዬ፣ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው ያስገባሁለት» አለች ትንቢት አንገቷን ደፍታ።

«አላልኩሽም?» ማለት የሙሉነሽ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ሕፃኑን በአሮጌው መዘገበችና ወንበሯን ጎትታ ትንቢት አጠገብ ተቀመጠች።

«አሥራ ሦስተኛውን ወር እኔ እጽፈዋለሁ» አለች። «በአንቺ ቋንቋ። በይ፣ ከሀ ሁ ጀምሪልኝ።»