የተጋጨችው መስመር

«ድምፄ ተዘጋ እኮ፣» አለች አክስቷ በካርድ ክፍሉ መስኮት አንገቷን አስግጋ። «ያ ፕሮግራምሽ እስኪነሳ ስንቱን በጉሮሮዬ ልጥራው?»

«አምስት ደቂቃ፣ አክስቴ።»

«አምስት ደቂቃሽን አውቃታለሁ።»

የእህቷ ልጅ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አልነቀለችም። የክሊኒኩን ተራ ጠሪ ፕሮግራም ከሁለት ዓመት በፊት ከኢንተርኔት በነፃ ወስዳ፣ የኮዱን ቅጂ የራሷ አድርጋ ስታበጃጀው ኖራለች። ሰሞኑን ግን ወረፋው ከመቶ ሲያልፍ ድርቅ ይላል። የዋናው ፕሮግራም ባለቤት፣ በአካል አይታው የማታውቀው ሰው፣ መፍትሔውን ትናንት አውጥቷል። ችግሩ መፍትሔው ብቻውን አይመጣም፤ እሷ ችላ ስትል የተጠራቀሙ ሁለት መቶ አሥራ አራት ለውጦች አብረውት ይገባሉ።

የሰጋችው ለአንዲት መስመሯ ነው። ዋናው ፕሮግራም ሕፃን ሽማግሌ ሳይለይ ሁሉንም «ና ግባ» ይላል። እሷ በቅጂዋ «ይግቡ» አድርጋዋለች። ባለፈው ከዋናው ጋር ስታዋህድ ቸኩላ «የእነሱን ያዝ» የሚለውን ተጫነችና መስመሯ ተሰርዛ አንድ ጡረተኛ ዳኛ በድምፅ ማጉያ «ቁጥር ዘጠኝ፣ ና ግባ» ተባሉ። ዳኛው ንቅንቅ አላሉም። «የተጠራሁት እኔ አይደለሁም» ብለው ጋዜጣቸውን ገልጠው እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጡ። ሐኪሙ ራሱ ወጥቶ እጅ ነስቶ ነው ያስገባቸው። ያኔውኑ ለባለቤቱ ጻፈችለት፤ መልስ የለም። ዛሬም ዳኛው እዚያው ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ጋዜጣውም አለ።

«አዋህድ» የሚለውን ተጫነች። ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ ኮሽ ሳይሉ ገቡ። አንዱ ላይ ቆመ፤ «ግጭት» አለ። ሁለቱም ወገን የለወጧት ያችው መስመር ናት።

ከላይ የእሷ፦ «ይግቡ»። ከታች የባለቤቱ፦ «እባክዎ ይግቡ»። ከጎኑ ማስታወሻ አኑሯል።

«ስለዚህች ቃል ለጻፉልኝ ሰው፦ ያኔ ነገሩን እንደ ቅብጠት ቆጥሬብዎት ነበር። ባለፈው ሳምንት አባቴ ሐኪም ቤት 'ና ግባ' ቢባሉ አልነሳም ብለው ዋሉ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሳቋ አመለጣት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እስከ ዛሬ እርስዎ ያላት ሰው የለም።

«ምን አገኘሽ?» አለች አክስቷ።

«ሌላ ዳኛ።»

ሁለት ዓመት እንደ እንቁላል የተንከባከበቻትን መስመር በገዛ እጇ አጠፋች። ትንሽ ቅር አላት፤ ደስታዋ ግን ይበልጣል። የእሱን ያዘችና ፕሮግራሙን አስነሳች።

«ቁጥር መቶ ሦስት፣ እባክዎ ይግቡ።»

ዳኛው ጋዜጣቸውን አጣጠፉ። ተነሥተው የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉና ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ዞረው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።